“ኦርጅናል ነው” ያልኳት ቀን

በዚህ አምድ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ዕቁብ፣ ስለ ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ብዙ ተነጋግረናል። ስለ መኪና ግን እስከ ዛሬ አንድም ጊዜ አላነሳሁም። ሌላ ምክንያት የለውም፤ ስለ መኪና ከጻፍኩ ስለ ራሴ መናዘዝ ሊኖርብኝ ነው። በዚህ ወር ባለቤቴ ራሷ፣ “ጻፈው እንጂ፤ እንዳንተ ያለ ስንት ባል አለ መሰለህ?” ስላለችኝ፣ በእርሷ ፈቃድ እነሆ።

መኪናችን ቪትዝ ናት። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጁ በ2012 ዓ.ም. ወጥቶ ያገለገሉ መኪኖችን ዋጋ ከመስቀሉ ጥቂት ቀደም ብለን፣ በዕቁብ ገንዘብ ላይ የባለቤቴን የአንገት ወርቅ ጨምረን ገዛናት። ማን ይነዳታል ብትሉ፣ በአብዛኛው እርሷ ናት። ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው፣ ገበያ የምትሄደው፣ ረቡዕ ማታ የእህቶች ጸሎት ሲያልቅ ሦስት አራት እህቶችን ጭና በየደጃፋቸው የምታወርደው እርሷ ናት። እኔ ደግሞ ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌዬን ሰብስቤ እጠግናለሁ። ዘይት እቀይራለሁ፣ ካንዴላ እፈታለሁ፣ አምፖል እተካለሁ። ለጋራዥ የሚከፈለው የእጅ ዋጋ ቤት ይቀራል፤ እኔም በሰፈሩ ትንሽ እከበራለሁ።

አንድ ሰሞን የፊት ፍሬኗ ሲጥ ሲጥ ማለት ጀመረ። ብዙ ሰው ይህን ድምፅ ሲሰማ ብልሽት ይመስለዋል፤ እንደ እውነቱ ከሆነ ግን መልእክት ነው። በብዙ የፍሬን ሸራዎች ጠርዝ ላይ ያለችው ቀጭን ብረት፣ ሸራው ሲሳሳ ዲስኩን እየነካች እንድትጮህ ታስባ የተሠራች ናት። “ጨርሻለሁ፣ ቀይሩኝ” ማለቷ ነው። የፊት ሸራ መቀየር ጎማ ፈትቶ ከማሰር ብዙም የማይርቅ ሥራ ስለሆነ፣ ዕቃውን ብቻ ለመግዛት ወደ መኪናው ወኪል መደብር ሄድኩ። ዋጋውን እዚህ አልጽፍም፤ መጽሔቱ እጃችሁ እስኪገባ ድረስ ይለወጣልና። ይህን ያህል ግን ልበል፤ በዚያ ገንዘብ ከመርካቶ ሦስት ጥንድ ሸራ ገዝቼ መልስ ይተርፈኝ ነበር።

ይህ የእኔ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጣ። በዚያው ዓመት መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። ስለዚህ ብዙዎቻችን ያለችንን አሮጌ መኪና እያስታመምን ልንኖር ነው፤ የመለዋወጫ ጉዳይም እንደ ጤፍና እንደ ዘይት የቤት አጀንዳ ሆኗል ማለት ነው።

ከወኪሉ ወጥቼ በቀጥታ ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ ወጣት ልጅ ነው፤ ትሑት፣ ተግባቢ። “ጋሼ፣ ኦርጅናል ነው። ካርቶኑን ይዩት!” አለኝ። ካርቶኑን አየሁ። ቀለሙም፣ ምልክቱም፣ የሚያብለጨልጨው ተለጣፊም አለ። ዋጋውን ግን ሰማሁ፤ በዚያ ዋጋ ኦርጅናል እንደማይገኝ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በፊት በገዛ ጆሮዬ ሰምቼ መጥቻለሁ። ስለዚህ ልጁ አታለለኝ ብዬ አላማርርም። እያወቅሁ ነው የተታለልኩት።

ለምን ብትሉ፣ በዚያ ወር ለጸሎት ቤታችን ማሠሪያ ቃል የገባነው ገንዘብ ቀኑ ደርሶ ነበር። የተረፈውን ብር ለዚያ አዋልኩት። ማታ ባለቤቴ፣ “ዕቃውን አገኘህ? ከወኪሉ ነው?” ስትለኝ፣ “ኦርጅናል ነው” አልኳት። ልብ በሉ፣ “ከወኪሉ ነው” አላልኩም። እንዲህ ያለ የቃላት ጥበብ ያለን ባሎች ብዙ ነን።

ሁለት ሳምንት ያህል ሁሉ ሰላም ነበር። ከዚያ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ እናቷን ልትጠይቅ ሽሮ ሜዳ ሄደች። ስትመለስ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ ያለውን ቁልቁለት ታውቁታላችሁ፤ መንገዱ ተጨናንቆ ስለነበር ፍሬን እየያዘች፣ እየለቀቀች ወረደች። መሃል ላይ የተቃጠለ ነገር ሸተታት። ቀጥሎ እግሯን ብትጫን መኪናዋ አልቆም አለች። ፔዳሉ ጠንካራ ነው፤ ፍሬኑ ግን አይዝም። ማርሽ ቀንሳ፣ የእጅ ፍሬን ስባ፣ ከፊቷ ካለው ሚኒባስ ታክሲ አንድ ስንዝር ሲቀራት ቆመች። ትንሿ ልጃችን ከኋላ ወንበር ላይ እያለቀሰች ነበር። ማንም አልተጎዳም፤ ጌታ ይመስገን። ስልክ ደወለችልኝና አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፦ “ኦርጅናል ነው ብለኸኝ አልነበር?”

በመዘምራን ውስጥ አብሮን የሚያገለግል አንድ ወንድም አለ፤ ሙያው መካኒክ ነው። በማግሥቱ ጎማውን ፈትቶ ሸራውን በእጄ ላይ አስቀመጠልኝ። ፊቱ እንደ መስተዋት አንጸባርቋል፤ ጠርዙ ተሰንጥቆ ከተጣበቀበት ብረት መላቀቅ ጀምሯል። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ፍሬን መኪናን የሚያቆመው እንቅስቃሴን ወደ ሙቀት በመለወጥ ነው። በቁልቁለት ላይ ያ ሙቀት በጣም ይጨምራል። ደህና ሸራ ሙቀቱን ችሎ መያዙን ይቀጥላል፤ ደካማ ሸራ ግን ሲሞቅ መያዣ ያጣል። ከቦሌ እስከ መገናኛ በሜዳ ላይ ብትነዱት ምንም ላታውቁበት ትችላላችሁ። የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነው። ወንድማችን አልተቆጣኝም። “ስንት ገዛኸው?” ብሎ ብቻ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህን ነገር በደንብ መማር እንዳለብኝ ወሰንኩ። የተማርኩትንም ላካፍላችሁ፤ ምክንያቱም “ሁልጊዜ ከወኪል ግዙ” ብዬ ብመክራችሁ ግማሾቻችሁ መኪናችሁን መሸጥ ሊኖርባችሁ ነው፤ ምክሩም ቢሆን ትክክል አይደለም።

መጀመሪያ ማወቅ ያለብን፣ መኪና የሚሠራው ፋብሪካ በስሙ የሚሸጠውን ዕቃ ሁሉ ራሱ አያመርተውም። ዴንሶ የሚባለው የጃፓን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ ራሱን የቻለ የመኪና ዕቃ አምራች ነው። አይሲን፣ አኬቦኖ፣ ካንዴላ በመሥራት የታወቀው ኤንጂኬ፣ የጀርመኑ ቦሽ፣ እነዚህ ሁሉ ለመኪና ፋብሪካዎች ዕቃ ያቀርባሉ፤ በራሳቸው ስምና ካርቶንም ለገበያ ይሸጣሉ። ስለዚህ ገበያው ሁለት ዓይነት ብቻ አይደለም፤ መሃል ላይ ሦስተኛ አለ። በወኪሉ ካርቶን ውስጥ ያለው ዕቃ፣ በአምራቹ በራሱ ካርቶን በአነስተኛ ዋጋ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው አልልም፤ አንድ አምራች ለፋብሪካው አንድ ደረጃ፣ ለገበያ ሌላ ደረጃ ሊሠራ ይችላልና። ቢሆንም ስሙን የሚጠብቅ ሰው የሠራው ነው። ወኪሉ ላይ የምንከፍለው ጭማሪም በከንቱ አይደለም፤ ዕቃው ለእኛ መኪና ትክክለኛው መሆኑን በሻንሲ ቁጥር አጣርቶ ይሰጠናል፣ ቢበላሽም የምንመለስበት ደጅ አለን።

ይህ የሻንሲ ቁጥር ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። ከጃፓን በቀጥታ የመጣችው “ቪትዝ” እና በአውሮፓና በዓረብ አገሮች “ያሪስ” የምትባለው በዓይን እህትማማቾች ናቸው፤ ዕቃቸው ግን ሁልጊዜ አይገጣጠምም። ሊብሬያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ የዕቃውን ቁጥር ጠይቁ። የቶዮታ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ባለ 10 አሃዝ ቁጥር አለው፤ የመጀመሪያዎቹ 5 አሃዞች የዕቃውን ዓይነት ይናገራሉ። 04465 ካለ የፊት ፍሬን ሸራ ነው፤ 90919 ብሎ የሚጀምረው ውስጥ ካንዴላዎች ይገኛሉ። ያንን ቁጥር በደብተር ጽፋችሁ መርካቶ ብትወርዱ፣ “የቪትዝ ፍሬን ስጠኝ” ከሚል ሰው ጋር አንድ አይደላችሁም። ዋጋ ጠይቆ ሳይገዙ መውጣት ደግሞ ኃጢአት አይደለም፤ እኔ ለረጅም ጊዜ ይከብደኝ ነበር።

በሸራው ጠርዝ ወይም ጀርባ ላይ ከሌሎች ቁጥሮች ጋር ሁለት የላቲን ፊደላት ተጽፈው ታገኙ ይሆናል፤ ኢኢ፣ ኤፍኤፍ፣ ወይም ኤፍኢ። የመጀመሪያው ፊደል ሸራው በመደበኛ ሙቀት የሚይዝበትን ኃይል፣ ሁለተኛው ሲግል የሚይዝበትን ያመለክታል። ኤፍ ከኢ፣ ጂ ደግሞ ከኤፍ ይበልጣል። ስለዚህ ኤፍኢ የሚል ካያችሁ ሲግል ይደክማል ማለት ነው። እርግጥ ነው፣ ካርቶን የሚያስመስል ሰው ፊደልም አያቅተውም። ምንም ያልተጻፈበትን ግን እኔ ከእንግዲህ ቤቴ አላስገባም።

አንድ ማታ ደግሞ ባለቤቴን አስቀምጬ ሁለት ያገለገሉ የዘይት ፊልትሮዎችን በቆርቆሮ መቀስ ከፈትኳቸው። አንዱ የታወቀ አምራች፣ ሌላው ስሙን ሰምቼ የማላውቀው ርካሽ ዕቃ ነው። በጋዜጣ ላይ ዘረጋናቸው። ከውጭ መንትያ የሚመስሉት፣ ውስጣቸው ሲታይ አይተዋወቁም። ባለቤቴ የወረቀቱን እጥፋቶች እየቆጠረች፣ “ይሄኛው እንደ ሐበሻ ቀሚስ ነው፣ ያኛው እንደ ጉርድ ቀሚስ” አለችኝ። በደህናው ውስጥ ሞተሩ ሲጠፋ ዘይቱ ወደ ታች እንዳይፈስ የሚይዝ የጎማ ከለላ አለ፤ በርካሹ ውስጥ ያለው ደርቆ እንደ ቆሎ ይሰበራል። ያ ከለላ ካልሠራ፣ ጠዋት መኪናው ሲነሳ ሞተሩ ለጥቂት ጊዜ ያለ በቂ ዘይት ይሠራል። በአንድ ቀን አይገድለውም፤ በየጠዋቱ ግን ትንሽ ትንሽ ይበላዋል።

ታዲያ የትኛውን ከየት እንግዛ? የእኔን ቤት ልማድ ልንገራችሁ፤ ሕግ አላደርገውም። ሲበላሽ ሰው የሚገድለውን፣ ማለትም ፍሬን፣ የመሪ ቴስቲና፣ እነዚህን ከወኪሉ ወይም በታወቀው አምራች ካርቶን፣ ደረሰኝ ከሚሰጥ መደብር እንገዛለን። ሲበላሽ ሞተር የሚገድለውንም እንዲሁ፤ በተለይ የድሮ ኮሮላ ያላችሁ ወገኖች፣ የታይሚንግ ቺንጋ ላይ አትቆጥቡ። የእናንተ ሞተር በቺንጋ ይሁን በሰንሰለት የሚሠራ መካኒካችሁን ጠይቁ፤ በአንዳንድ ሞተሮች ቺንጋው ሲበጠስ ፒስተንና ቫልቭ ተጋጭተው ቴስታው ይወርዳል። ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ አሞርዛተር የአምራቹ ካርቶን ይበቃቸዋል፤ ለወኪሉ የምንጨምረው ገንዘብ ለልጆች ደብተር ይሁን። አምፖል፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ምንጣፍ፣ የበር እጀታ፣ ፓራውልት ግን ከፈለጋችሁት ይሁን። “ቻይና” የሚለውን ቃል እንደ ስድብ መጠቀማችንም ልክ አይደለም፤ ቻይና ውስጥ ምርጥ ዕቃም ይሠራል፣ በወኪል ካርቶን የሚመጣም አለ። ችግሩ ከየት መጣ ሳይሆን ማን ሠራው የሚለው ነው።

ያገለገለ ዕቃ ላይ ግን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ለበር፣ ለኮፈን፣ ለመብራት ያገለገለ መግዛት ብልህነት ነው። ነገር ግን ስፖኪዮአችሁ ሌሊት ተነቅሎ በማግሥቱ እዚያው ገበያ ስትፈልጉ፣ በግማሽ ዋጋ የሚቀርብላችሁ የማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የራሱን ስፖኪዮ መልሶ ገዛ የሚለው የከተማ ቀልድ ያስቃል። የሌላውን ወንድም ስፖኪዮ የገዛው ሰው ግን በቀልዱ ውስጥ አይነሳም። በጣም የረከሰና ደረሰኝ የሌለው ዕቃ ሲቀርብልኝ፣ እኔ አሁን አልፈዋለሁ።

በቤት ለምትጠግኑ ደግሞ ሦስት አራት ነገር። በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አትግቡ፤ ልጆችንም አታስጠጉ። የፍሬን ብናኝ በአፋችሁ እፍ አትበሉ፣ በኮምፕሬሰርም አታስነፉ፤ በአንዳንድ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላልና በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፣ ጨርቁንም በፌስታል ቋጥራችሁ ጣሉት። ሸራ ቀይራችሁ ስትጨርሱ መኪናውን ከማንቀሳቀሳችሁ በፊት ፔዳሉ እስኪጠነክር ደጋግማችሁ ምቱ። ይህን የረሳ ሰው የመጀመሪያውን ፍሬን ሲይዝ እግሩ ወለል ድረስ ይወርዳል፤ አጥር ያፈረሰ ጎረቤት አለኝ።

ስለ ሒሳቡ፣ ለምሳሌ ያህል ብቻ፣ የወኪሉ ሸራ 6,000 ብር ሆኖ 40,000 ኪሎ ሜትር ቢያስኬድ፣ ርካሹ ደግሞ 2,000 ብር ሆኖ 10,000 ቢያስኬድ፣ በአንድ ኪሎ ሜትር የመጀመሪያው 15 ሳንቲም፣ ሁለተኛው 20 ሳንቲም ነው። ጠንካራ ርካሽ ሸራ ዲስኩን ከበላው ደግሞ የዲስኩን ዋጋ ጨምሩበት። ይህን ሒሳብ ግን ወር ላይ ደመወዙ ላለቀበት ሰው ማሳየት ይከብዳል፤ እርሱ ዛሬ ኪሱ ውስጥ ያለው 2,000 ብር ብቻ ነው። እንዲህ ያለው ወንድም ሸራውን እስኪገዛ ለጥቂት ቀናት መኪናውን አቁሞ በታክሲ ቢሄድ ይሻለዋል። ቀላል አይደለም፤ አውቃለሁ።

አሁን ወደ ባለቤቴ ልመለስ። በዚያ እሑድ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ይቅርታ ጠየቅኋት። ገንዘቡን ለጸሎት ቤቱ እንዳዋልኩት ስነግራት ትንሽ የምትለሰልስ መስሎኝ ነበር። አልሆነም። “ርካሽ መግዛትህ አይደለም ያስከፋኝ” አለችኝ። “ቻይና ነው ብትለኝ ኖሮ ቀስ ብዬ እነዳ ነበር። በዚያ ቁልቁለት አልወርድም ነበር፤ ብወርድም ከላይ ጀምሮ ማርሽ እቀንስ ነበር። አንተ ግን እንድጠነቀቅ እንኳ አልፈቀድክልኝም።”

ለዚህ መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን ስለ ሐናንያና ስለ ሰጲራ ብዙ ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አስተምሬበታለሁም። እነዚያ ባልና ሚስት የመሬታቸውን ሽያጭ ከፊሉን የደበቁት ቢያንስ ተመካክረው ነበር። እኔ ለእግዚአብሔር ቤት የሰጠሁትን ገንዘብ ከሚስቴ ፍሬን ላይ የቀነስኩት ለብቻዬ ነው። ዘዳግም 22፥8 ደግሞ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም እንዳይወድቅ በሰገነቱ ዙሪያ ከለላ እንዲያደርግ ያዝዛል። የዚያን ከለላ ዋጋ ቤቱን የሚሠራው ይከፍላል፤ የሚወድቀው ግን ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

በቀጣዩ ሳምንት አብረን ወደ ሕንፃ ኮሚቴው ሄድንና የቀረውን ቃል ኪዳናችንን ለመክፈል የሦስት ወር ጊዜ ለመንን። ሰብሳቢው አባት ምክንያቱን ሰምተው፣ “መጀመሪያ ፍሬኑን አሠሩ፤ እሑድ ልጆቹን የምታመጡበት መኪና ነው” ብለው ሸኙን። ሸራውን ከወኪሉ ገዛን። ደረሰኙን እርሷ ያዘች።

አሁን መኪናዋ ውስጥ አንዲት ትንሽ ደብተር አለች። ቀኑ፣ ኪሎ ሜትሩ፣ ዕቃው፣ የተገዛበት ቦታና ዋጋው ይጻፍባታል፤ የመጨረሻው አምድ “ዓይነቱ” ይላል፤ ወኪል፣ አምራች፣ ሌላ፣ ያገለገለ። ገዢው ማንም ይሁን ማን የሚጽፈው ራሱ ነው፤ ሌላው አይቶ ይፈርማል። የመጀመሪያ ሰሞን እንደ ቅጣት ይሰማኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ዝናብ ሲጀምር ገልጬ ባየሁት ጊዜ በባለቤቴ እጅ ጽሑፍ እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ “የዝናብ መጥረጊያ፣ ጥንድ። ቻይና። አውቄ ነው።” ፈረምኩ።